መኪና የሚያተርፈው ጊዜና የነጋዴው ውሳኔ

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች፤ በመምህራንና በወላጆች ፊት የተደረገ ንግግር)



በእነዚሁ ወንበሮች ላይ ተቀምጬ የሌሎችን ንግግር እሰማ የነበርሁ ሰው፤ ዛሬ በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን በፊታችሁ ቆሜ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። በዚያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ተናጋሪው መቼ ይጨርስ ይሆን እያልን ሰዓት እንቆጥር እንደ ነበር አልረሳሁም። ስለዚህ የዛሬዎቹን የኋላ ወንበር ተማሪዎች አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የምናገርበትን አርእስት የመረጠልኝ አንድ ጥያቄ ነው። ባለፈው ወር ልጃቸውን ለመጠየቅ የመጡ አንዲት እናት በበሩ ላይ አግኝተውኝ፤ «ልጄ ሒሳብ አያያዝ እማራለሁ ትለኛለች። ዛሬ ግን ሒሳቡን መኪናው ራሱ ይሠራዋል ይባላል። ታዲያ ልጅቱ የምትማረው መኪናው የነጠቃትን ሥራ ነው ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም «አይዞዎት፤ እትዬ፤ ትምህርት የትም አይጠፋም» ብዬ አለፍሁ። እንዲህ ያለው መልስ መልካም ምኞት እንጂ መልስ አይደለም። እኒያ እናት ዛሬ በአዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው አይቻለሁና፤ ያን ዕለት የጎደለውን አሁን ለመሙላት እሞክራለሁ።

እኔ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥቼ የመጀመሪያ ደመወዜን ያገኘሁት ዳቦና ኬክ እየጋገረ ለየሱቁ በሚያከፋፍል አንድ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ጸሐፊነት ነበር። ማታ ማታ አከፋፋዮቹ ዱቄትና ላብ የነካው ወረቀት ያስረክቡኛል። ለየትኛው ሱቅ ስንት ዳቦ እንደ ገባ፤ ስንቱ ሳይሸጥ እንደ ተመለሰ፤ ስንት ብር እንደ ተሰበሰበ ከዚያ ላይ እያነበብሁ ወደ መዝገብ እገለብጣለሁ፤ ከዚያም እደምራለሁ። ድምሩ ከገንዘቡ ጋራ አልገጥም ያለ እንደ ሆነ እንደ ገና ከላይ እጀምራለሁ። የአንዱ ሳምንት ሒሳብ ተጣርቶ ለባለቤቱ የሚቀርበው በሚቀጥለው ሳምንት አጋማሽ ላይ ነበር። እርሳቸውም ወረቀቱን አየት ያደርጉና «ይኸማ ያለፈ ነገር ነው» ብለው መሳቢያ ውስጥ ያስገቡታል። እውነታቸውን ነበር። ለነገ ስንት ኩንታል ዱቄት ይቦካ የሚለውን የሚወስኑት በግምት ነው፤ ግምታቸው ደኅና ነበር፤ ሲሳሳት ግን የደረቀ ዳቦ በጆንያ ይወጣ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ሒሳብ የምይዝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የምጽፈው ታሪክ ኖሯል።

ይህን ችግር ከእኛ ብዙ ዘመን አስቀድሞ አይቶ መላ የፈለገለት ሌላ የዳቦና የሻይ ነጋዴ አለ። ኮምፒዩተርን በመደበኛ የንግድ ሥራ ላይ በማዋል ከዓለም ቀዳሚ የሆነው ትልቅ ባንክ ወይም የመኪና ፋብሪካ አይደለም፤ ሻይ ቤቶች የነበሩት ጄ. ላየንስ የሚባል የእንግሊዝ አገር ኩባንያ ነው። ላየንስ የመጀመሪያውን ሻይ ቤቱን የከፈተው በለንደን ከተማ ፒካዲሊ በተባለው ጎዳና ላይ በ1894 ነበር። (ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ከዚያም ሻይ ቤቶቹ በዙ፤ ካድቢ ሆል በሚባለው ግቢ ትልልቅ መጋገሪያዎችንና ወጥ ቤቶችን ሠራ። ሻይ፤ ዳቦ፤ ኬክ፤ አይስ ክሬም ይሸጥ ነበር።

እንዲህ ባለው ንግድ ከአንድ ስኒና ከአንድ ቁራሽ ኬክ የሚገኘው ትርፍ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሽያጩ ግን ተቆጥሮ አያልቅም። እያንዳንዱን ሽያጭ ለመጻፍ፤ ለመደመርና ለመቆጣጠር የሚወጣው ወጪ ካልተጠነቀቁለት ትርፉን ይበላዋል። በ1923 ወደ ኩባንያው የገባው ጆን ሲመንስ ይህን በሚገባ ያወቀ ሰው ነበር። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የተማረ ሲሆን፤ ኩባንያው ቁጥሩን አጥርቶ እንዲያይ ለማድረግ ዕድሜውን ሙሉ ደከመ። በ1932 የጽሕፈት ቤት አሠራርን ብቻ የሚያጠና ክፍል ተቋቋመ። የክፍሉ ሰዎች ቅጹን እያነሡ ይህ ለምን ይጻፋል፤ ማን ያነበዋል፤ ባይጻፍስ ምን ይጎድላል እያሉ ይመረምሩ ነበር። ልብ በሉ፤ በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም። ላየንስ መኪናውን ከማግኘቱ ሃያ ዓመት ያህል አስቀድሞ ሥራውን አጠና። በእኔ አስተሳሰብ የነገሩ ሁሉ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል፤ መጀመሪያ መኪናውን ይገዛል፤ ከዚያ ምን እንደሚያሠራው ያስባል።

በ1947 ኩባንያው ሬይመንድ ቶምፕሰንና ኦሊቨር ስታንዲንግፎርድ የሚባሉ ሁለት ሹማምንቱን ወደ አሜሪካ ላከ፤ የአሜሪካኖቹን የጽሕፈት ቤት አሠራር አይተው እንዲመለሱ ነበር። በጽሕፈት ቤቶቹ ያዩት ነገር እምብዛም አላስደነቃቸውም። ነገር ግን በፕሪንስተን ሄርማን ጎልድስታይን የተባለውን ሊቅ አግኝተው ስለ ኤሌክትሮኒክ የሒሳብ መኪና ቢጠይቁት፤ እንዲህ ያለ መኪና በገዛ አገራቸው በካምብሪጅ እየተሠራ መሆኑን ነገራቸው። ከደጃቸው ያለውን ምንጭ ለመስማት ባሕር ተሻገሩ ማለት ነው። ሲመለሱም ላየንስ ለካምብሪጁ ሊቅ ለሞሪስ ዊልክስ 3000 ፓውንድና አንድ ረዳት ሠራተኛ ሰጠ፤ የዊልክስ መኪናም በግንቦት ወር 1949 ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ላየንስ በጆን ፒንከርተን ኢንጂነርነት የራሱን መኪና ሠራ። ስሙንም ሊዮ አለው፤ «የላየንስ ኤሌክትሮኒክ ጽሕፈት ቤት» የሚለው የእንግሊዝኛ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ነው። ሊዮ በላቲን ቋንቋ አንበሳ ማለት ሲሆን የኩባንያውም ስም በእንግሊዝኛ ሲጠራ «አንበሶች» የሚል ድምፅ አለው፤ እንግሊዞች እንዲህ ያለውን የቃል ጨዋታ ይወዱታል።

ይህ አንበሳ አንድ ሰፊ ክፍል የሚሞላ ነበር። በድሮ ራዲዮ ውስጥ እንደ ፍም ሲበሩ የምናያቸው ቫልቭ የሚባሉ አምፖሎች ወደ 6000 ይጠጉ ነበር። ቁጥር የሚያስታውሰው ባዜቃ፤ ማለት ሜርኩሪ፤ በተሞሉ ረዣዥም ቱቦዎች ውስጥ የድምፅን ሞገድ እያመላለሰ ሲሆን፤ በአንድ ጊዜ ሊያስታውስ የሚችለው 2048 አጫጭር ቁጥሮችን ብቻ ነበር። ዛሬ በኪሳችሁ ያለው ስልክ አንዲት ፎቶግራፍ ለማኖር ከዚህ እጅግ የበለጠ ቦታ ይፈጃል። እንግዲህ በዚህች ጠባብ ጭንቅላት በኅዳር ወር 1951 የመጋገሪያዎቹን ሳምንታዊ ሒሳብ መሥራት ጀመረ። ይኸውም በሳምንቱ የተጋገረውን ዳቦና ኬክ በየዓይነቱ እየቆጠረ፤ የገባበትን ጥሬ ዕቃና ጉልበት ዋጋ እያባዛና እየደመረ ማውጣት ነበር።

ቀጥሎ የሠራተኞቹ ደመወዝ መጣ። አንድ የለመደ ጸሐፊ የአንዱን ሠራተኛ ደመወዝ፤ ግብሩንና ሌላውን ተቀናሽ ጨምሮ፤ አስልቶ ለመጨረስ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጅበት ነበር፤ ሊዮ በ1 ሴኮንድ ተኩል ይጨርሰዋል። ተማሪዎች፤ እስቲ ለ1000 ሠራተኞች አስሉት። በጸሐፊው እጅ 8000 ደቂቃ፤ ማለት 133 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። በመኪናው 25 ደቂቃ ይሆናል። ነገር ግን ኩባንያው በዚህ ፍጥነት ተደንቆ ዐይኑን አልጨፈነም። ሠራተኛ ደመወዙን በዕለቱ ካላገኘ ምን እንደሚከተል ያውቃልና፤ ደመወዙን ለመኪናው ብቻ አደራ ከመስጠቱ በፊት አሮጌውንና አዲሱን አሠራር ጎን ለጎን አስኬዶ ውጤቱን አስተያየ። በ1954 ሊዮ ደመወዙን በመደበኛነት መሥራት ጀመረ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን በዚያው በ1954 የተጀመረው የሻይ ቤቶቹ ትእዛዝ ነው። እያንዳንዱን ሻይ ቤት የምታስተዳድር አንዲት ኃላፊ ነበረች። ይህች ሴት ለነገ የምትፈልገውን የምግብ ዓይነት ሁሉ በየቀኑ በቅጽ ላይ እየሞላች ትልካለች። በዋናው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊዎች የሁሉንም ሻይ ቤቶች ቅጽ እየደመሩ ለመጋገሪያውና ለወጥ ቤቱ ያስተላልፋሉ። ላየንስ ይህን ቅጽ እንዳለ ወስዶ መኪና ውስጥ ለመጨመር ይችል ነበር። እንዲህ ግን አላደረገም። ነገሩ ሲመረመር የአንድ ሻይ ቤት የማክሰኞ ትእዛዝ ካለፈው ማክሰኞ የሚለየው በጥቂቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ለየሻይ ቤቱ፤ ለሳምንቱ ለእያንዳንዱ ቀን ቋሚ ትእዛዝ ተወሰነና በካርድ ላይ በቀዳዳ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ ኃላፊዋ የሚጠበቅባት በየቀኑ በስልክ ልዩነቱን ብቻ መናገር ሆነ፤ ይህን ጨምሩልኝ፤ ያንን ቀንሱልኝ እንደ ማለት ነው። በዋናው ጽሕፈት ቤት የተቀመጡት ስልክ ተቀባዮች ማዳመጫውን በጆሯቸው ላይ አድርገው የሰሙትን ወዲያውኑ ካርዱ ላይ ይበሳሉ፤ መኪናውም ከቋሚው ትእዛዝ ጋራ አጣምሮ ለነገ የሚጋገረውን ጠቅላላ ልክና ለየሻይ ቤቱ የሚጫነውን ዝርዝር ያወጣል።

ይህን ሥራ ያቀነባበሩት በዴቪድ ካሚነር የሚመሩት የሊዮ ሰዎች ነበሩ፤ እኔም ስለዚህ ነገር ባነበብሁ ቁጥር አንድ ነገር ይገርመኛል። ጊዜ የተረፈው መኪናው ፈጣን ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። መቶ ጊዜ ይጻፍ የነበረው አንድ ጊዜ ተጽፎ፤ የሚለወጠው ብቻ እንዲነገር ስለ ተደረገ ነው። መጋገሪያውም የነገውን ልክ የሚያውቀው ሊጡ ሳይቦካ ነው፤ እንደኔ መዝገብ ዳቦው ከደረቀ በኋላ አይደለም። ደግሞም ያች ኃላፊ ከሥራው አልተወገደችም። በሻይ ቤቷ ፊት ያለው መንገድ ነገ ሊቆፈር መሆኑን፤ በአካባቢው ሰልፍ ወይም ገበያ መኖሩን መኪናው ከየት ያውቃል? ስልኩ የተተወላት ለዚህ ነው። ቅጹን መሙላት ቀረላትና የምታውቀውን ብቻ ትናገራለች።

ይህን በመጽሐፍ ያነበብሁት እኔ፤ በራሴ ሥራ ላይ ምን እንዳደረግሁ ደግሞ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዳቦ ቤቱ ውስጥ ሒሳቡን በኮምፒዩተር እንድንይዝ ተፈቀደልኝ። ሰንጠረዥ አዘጋጀሁ፤ የየሱቁን ያለፉትን አራት ሳምንታት ሽያጭ እየወሰደ ለነገ የሚላከውን ራሱ እንዲያወጣ አደረግሁት። እስከ እኩለ ሌሊት እቆይበት የነበረው ሥራ ከእራት በፊት ማለቅ ጀመረ፤ ኩራቴም ልክ አልነበረውም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁላችን እትዬ የምንላቸው አንዲት ባለ ሱቅ ደወሉ።

«ልጄ፤ ለሰኞ ይህን ሁሉ ኬክ የጻፍህብኝ ማን ይብላው ብለህ ነው? ሰኞ እኮ ዐቢይ ጾም ይገባል።»

«እትዬ፤ እኔ አይደለሁም የጻፍሁት፤ ኮምፒዩተሩ አስልቶ ያወጣው ነው። አይሳሳትም» አልኋቸው።

ያን ዕለት እኔ ራሴ ቅበላ በልቼ የመጣሁ ሰው ነኝ። ጾሙ መግባቱን ሆዴ ያውቅ ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ ስቀመጥ ግን ዘነጋሁት። ያለፉት አራት ሳምንታት በአብዛኛው የፍስክ ነበሩና ሰንጠረዡ ቅቤና እንቁላል ያለበትን ኬክ ለጾም ሰኞ አዘዘ። ማታውን አከፋፋዮቹ ሣጥኑን እንደ ሞላ መለሱት። በማግሥቱ ባለቤቱ ጠርተውኝ ገና «ኮምፒዩተሩ…» ብዬ አፌን ስከፍት፤ «ስልኩን ያነሣው ማን ነው?» አሉኝ። «እኔ ነኝ» አልሁ። «እንግዲያስ ኮምፒዩተሩን ተወው» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተቆጡኝም። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ተሸክሜያት እሄዳለሁ።

የእኔ ጥፋት ያስከፈለው ጥቂት ሣጥን ኬክ ነው። ነገር ግን ይኸው ጥፋት ሲያድግ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ነገር በዚያው በእንግሊዝ አገር ደርሷል፤ ከሊዮም ጋራ የዘር ሐረግ አለው።

ላየንስ ኮምፒዩተር እየሠራ ለሌሎችም መሸጥ ስለ ጀመረ በ1954 ሊዮ ኮምፒዩተርስ የሚባል ኩባንያ አቋቁሞ ነበር። ይህ ኩባንያ በ1963 ከሌላ ኩባንያ ጋራ ተዋሐደ፤ ያም በ1968 በተደረገው ውሕደት አይ.ሲ.ኤል. የሚባለው ትልቅ የእንግሊዝ ኮምፒዩተር ኩባንያ ውስጥ ገባ፤ እርሱም በኋላ ፉጂትሱ በተባለው የጃፓን ኩባንያ እጅ ገባ። ከ1999 ጀምሮ በእንግሊዝ ፖስታ ቤቶች የተተከለውን ሆራይዘን የሚባል የሒሳብ ሥርዓት የሠራው ይኸው ድርጅት ነው። እርግጥ መኪናውም ሰዎቹም ሌሎች ናቸው። ልጅ የአባቱን ጠባይ ሁሉ አይወርስም።

በእንግሊዝ አገር ብዙዎቹ ትንንሽ ፖስታ ቤቶች በውል የሚሠሩ ባለ ሱቆች የሚያስተዳድሯቸው ናቸው። በአንድ ወገን ዳቦና ጋዜጣ ይሸጣሉ፤ በሌላው ወገን ቴምብር ይሸጣሉ፤ የጡረታ ገንዘብም ይከፍሉ ነበር። ሆራይዘን ከገባ በኋላ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ገንዘብ ጎደለ የሚል ቁጥር በብዙዎቹ ላይ ይወጣ ጀመር። ገንዘቡ ግን አልጎደለም፤ የተሳሳተው ሥርዓቱ ነበር። ሰዎቹ ለእርዳታ ወደ ተሰጣቸው ስልክ ሲደውሉ፤ ብዙዎቹ የተነገራቸው እንዲህ ያለ ችግር የገጠመህ አንተ ብቻ ነህ የሚል መልስ ነበር። ውላቸው ጉድለቱን እንዲሸፍኑ ስለሚያስገድድ አንዳንዱ ያጠራቀመውን፤ አንዳንዱ ከዘመድ የተበደረውን ከፈለ። ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ ሰዎች በሌብነት፤ በማጭበርበር ወይም ሒሳብ በማዛባት ተፈረደባቸው፤ አንዳንዶቹም ታሰሩ።

አላን ቤትስ የተባለው በዌልስ አገር የፖስታ ቤት አስተዳዳሪ የነበረ ሰው የመኪናውን ቁጥር አልቀበልም በማለቱ በ2003 ሥራውን አጣ። ቢሆንም መሰሎቹን እየፈለገ ሰበሰበ፤ 555 ሆነውም በአንድነት ከሰሱ። በታኅሣሥ ወር 2019 ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሥርዓቱ ውስጥ የሒሳብ ጉድለት ሊያሳዩ የሚችሉ ስሕተቶች እንደ ነበሩ ፈረደ፤ በ2024 ደግሞ ፓርላማው ፍርዶቹ በጅምላ እንዲሰረዙ ሕግ አወጣ። ስማቸው ሳይነጻ የሞቱ ነበሩ።

ሁለቱን ስልኮች አስተያዩልኝ። በ1954 የሻይ ቤቷ ኃላፊ በደወለች ጊዜ ቃሏ በካርድ ላይ ተበስቶ ወደ መኪናው ይገባና የነገውን ሥራ ይለውጣል። ከ1999 በኋላ የፖስታ ቤቱ ሰው በደወለ ጊዜ ቃሉ የሚገባበት በር የለውም። ሁለተኛው መኪና ከመጀመሪያው ይልቅ እጅግ ፈጣን ነበር፤ ሰው የሚናገረው የሚሰማበት ቀዳዳ ግን አልተተወለትም። እኔም በዚያች ቅዳሜ የእትዬን ስልክ ባነሣሁ ጊዜ ከሁለቱ የትኛውን እንደ መሰልሁ ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ላክል። ላየንስ ይህን ሁሉ ጥበብ ይዞ አልዘለቀም። ኩባንያው በ1970ዎቹ ዓመታት በውጭ አገር ለመስፋፋት ሲል ብዙ ገንዘብ በውጭ ምንዛሪ ተበደረ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ፓውንድ ሲወድቅ ዕዳው በረታበትና በ1978 ለአንድ የቢራ ኩባንያ ተሸጠ። ከሻይ ቤቶቹም ዛሬ አንድ የቀረ የለም። ኬኩን እስከ ሳንቲሙ ድረስ የሚያሰላ መኪና የነበረው ቤት በብድር ወደቀ። ምን ያህል ልበደር፤ በየትኛው ምንዛሪ ልበደር የሚለውን የሚወስኑት ሰዎች ነበሩና በዚህ መኪናውን አንወቅሰውም።

አሁን ወደ እናትየዋ ጥያቄ ልመለስ። እትዬ፤ ልዋሽዎት አልፈልግም። እኔ ማታ ማታ እሠራው የነበረው የመገልበጥና የመደመር ሥራ ዛሬ የለም፤ ለልጅዎም ተመልሶ አይመጣም። ነገር ግን ሜሪ ኩምስ የምትባል ሴት ነበረች። በዩኒቨርሲቲ የተማረችው የፈረንሳይኛ ቋንቋ ሲሆን፤ በላየንስ የገባችው በተራ ጸሐፊነት ነው። ኩባንያው ለኮምፒዩተር ሥራ የሚሆኑትን ሰዎች ከገዛ ሠራተኞቹ መካከል በትምህርትና በፈተና ሲመርጥ እርሷም ተመረጠችና በ1952 የሊዮ ፕሮግራም ጸሐፊ ሆነች። ለንግድ ኮምፒዩተር ፕሮግራም በመጻፍ የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት፤ ያ የደመወዝ ሥራ ካለፈባቸው እጆች አንዱ የእርሷ ነው። በኋላም ሌሎች የጻፉትን ፕሮግራም እያነበበች ስሕተቱን ትለቅም ነበር። በ2022 ዐረፈች።

ልጅዎ የምትማረው ሒሳብ አያያዝ ለዚህ ነው። ዕዳና ገቢ በሁለት ወገን የሚጻፍበትን ምክንያት ያላወቀች ሰው፤ መኪናው ጎደለ ሲላት የት ገብታ እንደምትፈልግ አታውቅም፤ ወይ ዝም ብላ ታምናለች፤ ወይ ዝም ብላ ትከፍላለች። 

ለወላጆችም አንድ ነገር አለኝ፤ በተለይ ሱቅ ላላችሁ። ቴሌብር ከ2021 ጀምሮ በአገራችን ስለ ገባ ብዙዎቻችሁ ከደንበኛ የምትቀበሉት ገንዘብ በስልካችሁ ላይ ከነሰዓቱ ተጽፎ ይደርሳችኋል። እኔ በወጣትነቴ እስከ እኩለ ሌሊት የምገለብጠው መዝገብ እናንተ ሳታዝዙት ይጻፍላችኋል ማለት ነው። ከእናንተ መካከል መልእክቱን ገንዘብ መግባቱን ለማየት ብቻ ሳይሆን፤ በየትኛው ቀንና በስንት ሰዓት ደንበኛ እንደሚበዛ ለማወቅ ወደ ኋላ ተመልሶ ያነበበ እስቲ እጁን ያንሣ። … ሦስት እጅ አየሁ። ለጊዜው ደኅና ነው።

ኮምፒዩተር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ የአምሳ ገጽ ደብተር ግዙ። ለእያንዳንዱ ዕቃ የገባውን፤ የተሸጠውንና የቀረውን ጻፉ፤ የሳምንቱን ቀን ስም አትርሱ። ልጃችሁ ከዚህ ትምህርት ቤት ስትመለስ ትደምርላችሁ። አራት ሳምንት ካለፈ በኋላ የማክሰኞው ከማክሰኞ፤ የቅዳሜው ከቅዳሜ ጋራ ምን ያህል እንደሚመሳሰል ስታዩ ትገረማላችሁ። የሚመሳሰለውን ቋሚ ትእዛዝ አድርጉት፤ ስለ እርሱም በየቀኑ መጨነቅ ይቅር። በተረፈው ሰዓት የማይመሳሰለውን አስቡበት፤ ጾሙን፤ ፍስኩን፤ የሠርጉን ወር፤ የትምህርት ቤቱን መከፈቻ፤ የዝናቡን መግቢያ። ላየንስ በ1932 የጀመረው ሥራ ይኸው ነው፤ ደብተሩን መሙላት በሰለቻችሁ ቀን መኪናው ምን ሊሠራላችሁ እንደሚገባ ራሳችሁ ለሻጩ ትነግሩታላችሁ፤ ሻጩ ለእናንተ አይነግራችሁም።

በእኛ ዳቦ ቤት ከዚያ ሰኞ ወዲህ ሁለት ነገር ተለውጧል። በሰንጠረዡ ውስጥ የአጽዋማትና የበዓላት ዓምድ ገብቷል። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ ደግሞ አንድ ሰው ስልክ አጠገብ ይቀመጣል፤ ባለ ሱቆቹ የሚሉትን እየሰማ ሰንጠረዡ ያወጣውን ቁጥር የመለወጥ ሥልጣን አለው፤ ለምን እንደ ለወጠም በአጠገቡ ይጽፋል። እኒያ እትዬ ዛሬም ደንበኛችን ናቸው። በየጾሙ ዋዜማ ይደውላሉ፤ እኔም ጤና ይስጥልኝ ሳልል በፊት፤ «እህ፤ ያ ኮምፒዩተርህ ዘንድሮስ ጾም ያዘ?» ይሉኛል።